ድሃም ይመርጣል

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ እኔም ጋ ደረሰ። ርእሱ «ድሃ አይመርጥም» ይላል። ጸሐፊው ስማቸውን አላወጡም። ካጻጻፋቸው ግን የተማሩና ለወገን የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። መልስ የምጽፈውም ለዚህ ነው። እንዲህ አስቦ ለጻፈ ሰው ዝም ማለት ንቀት ይሆንብኛል።

ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በወዳጅ አገሮች ዕቃ ላይ ሳይቀር ታሪፍ ጫኑ። ካናዳ 51ኛዋ ግዛት ትሁን፣ የዴንማርክ ግዛት የሆነችው ግሪንላንድም የኛ ትሁን አሉ። ካናዳውያንና ዴንማርካውያን ተቆጡ። የካናዳ ክፍላተ ሀገር የአሜሪካን መጠጥ ከመደርደሪያ አወረዱ። ዴንማርክ ውስጥ ሳሊንግ የሚባለው ትልቅ የሱቆች ድርጅት ገዢ እንዲለይ የአውሮፓ ዕቃ ዋጋ ላይ የኮከብ ምልክት አደረገ። ወሬው እዚህም ደረሰና አንዳንድ ወጣቶች «እኛስ?» ማለት ጀመሩ። ጸሐፊው የጻፉት ለእነሱ ነው። «ተዉት፣ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» ይላሉ። ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። ቅርጫታችን ውስጥ የአሜሪካ ዕቃ የለም። ካለም የሚጎዳው የራሳችን ሠራተኛ ነው። ከአሜሪካ ብንሸሽ ቻይና እጅ ነው የምንወድቀው። ኢንተርኔቱ የእነሱ ስለሆነ መውጫ የለም። ቦይኮት፣ ማለትም ተባብሮ አለመግዛት፣ ለውጥ አምጥቶ አያውቅም። በመጨረሻም፣ ወሎን በረሃብ ዘመን ያበላ አገር ላይ እንዲህ ማሰብ ውለታ ቢስነት ነው።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም። የአሜሪካን ዕቃ መቀነስ የጀመርኩት ይህ የታሪፍ ጣጣ ሳይመጣ፣ ከ2014 ወዲህ ነው። ምክንያቱን ቀድሜ ካልነገርኩ የቀረው መልሴ አይገባም።

በዚያ ዓመት ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳሳለፉ እዚህ የነበረ ያውቀዋል። አልዘረዝረውም። ጦርነቱ ከከተማው ወጣ። ሰው የተዘረፈ ቤቱን እየጠረገ፣ የሞተውን እየቀበረ ሳለ ታኅሣሥ 23 ደረሰ። ለፈረንጆቹ የአዲስ ዓመት ቀን ነው። በዚያ ቀን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። አጎዋ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ ነው። የብዙ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ገበያ እንዲገባ ፈቀደ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ሁላችንም የሰማነው ተስፋ ይኸው ገበያ ነበር። ታናሽ እህቴ እዚያ ልብስ ስፌት ላይ ትሠራ ነበር። የምትሠራበት ፋብሪካ በጦርነቱ ተጎድቷል፤ ይህን አልደብቅም። ግን ይጠገናል፣ እንመለሳለን እየተባለ ነበር። አጎዋ ሲዘጋ ያ ወሬም ቆመ። ዋሽንግተን ምክንያቴ የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው አለች። እህቴ ጥሰት የተፈጸመበት ከተማ ልጅ ናት። ቅጣቱ ግን እሷ ላይ አረፈ። አሁን ጅዳ ናት፣ ሰው ቤት።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። እንጀራችን በአንድ በር ብቻ ነበር የሚገባው። የበሩ ቁልፍ ደግሞ ያለው እኛን በማያውቅ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። የአሜሪካን ዕቃ ስቀንስ አሜሪካ እንድትጎዳልኝ ብዬ አይደለም። የኔ አምስት ብር እነሱ ጋ ትርፍም ኪሳራም አትሆንም። ሁለተኛ በር እንዲኖረኝ ነው የምፈልገው። የጸሐፊውን ነጥቦች የምመልሰው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ቅርጫቱን እንይ። ሰኞ ገበያ ወርጄ የምገዛው ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ውስጥ የአሜሪካ ነገር የለም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ሱቅ ስንገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። አፋችንን ብቻ ልብ እንበል። ልጄን «ኮልጌት ግዢ» ብዬ ስልካት የጥርስ ሳሙና ማለቴ ነው። ዳይፐርን ፓምፐርስ እንለዋለን። የወር አበባ መጠበቂያን ሞዴስ እንላለን። ሞዴስ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሸጠው ዕቃ ስም ነው። ዛሬ ሞዴስ ብለን የምንገዛው ሌላ ስም የተጻፈበት ነው፤ ስሙ ግን አፋችን ላይ ቀርቷል። የአንድ አገር ምርት ስሙ የዕቃው ጠቅላላ ስም እስኪሆን ድረስ ቤታችን ገብቶ ሳለ «የለም» ማለት ይከብዳል።

ያም ሆኖ ስም ያሳስታል። ኦሞ የአሜሪካ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ዩኒሊቨር ግን የእንግሊዝ ነው። ፋንታ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ግን ኮካ ኮላ ነው። ሚሪንዳ ስፔን ተወለደ፤ ዛሬ የፔፕሲ ነው። ወጣቶቹም አንድ የተሳሳተ ምክር ይቀባበላሉ። ባርኮዱ በዜሮ ከጀመረ የአሜሪካ ዕቃ ነው ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የሚናገሩት ኩባንያው ባርኮዱን የተመዘገበው በየትኛው አገር እንደሆነ ነው። ዕቃው የት እንደተሠራ አይናገሩም። የተሠራበትን ለማወቅ ጀርባውን ገልብጦ ትንንሿን ጽሑፍ ማንበብ ነው። የማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ የኩባንያውን ስም መፈለግ ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ ቤት የገባውን ዕቃ ሁሉ እየገለበጥኩ አነበብኩ። ምንም ሳልተው በፊት ማንበቡ ብቻ ብዙ አስተማረኝ።

ከዚያ የቀላሉን ተውኩ። የወይራ መፋቂያ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ቤታችን ድሮም አልጠፋም። የጥርስ ሳሙናም ቢሆን ሌላ አለ። ለልጆች በሶ በማር እበጠብጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ ብርዝ ወይም ቃሪቦ አቀርባለሁ። መድኃኒት ላይ ግን እጄን አላስገባም። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ኢንሱሊኑ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ አልጠይቅምም። ማንም እንዲጠይቅ አልመክርም።

ሁለተኛው ነጥባቸው እንቅልፍ ነስቶኛል። «ፔፕሲ ባለመጠጣታችሁ የሚጎዳው ኒው ዮርክ ያለ ባለአክሲዮን ሳይሆን የደሴ ልጅ ነው» ይላሉ። ትልቅ እውነት አለበት። ደሴ ላይ ፔፕሲን ሲሞላ የኖረው ሞሐ የለስላሳ መጠጦች ነው። ሞሐ የኢትዮጵያ ኩባንያ ነው። የደሴው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ከመንግሥት ወደ ግል ከተዛወሩት አራት ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። ውሃው የኛ ነው። ጠርሙስ የሚያጥበው፣ ሳጥን የሚጭነው፣ መኪናውን የሚነዳው የኛው ሰው ነው። ከውጭ የሚገባው ኮንሰንትሬት የሚሉት ቅመሙ ነው፤ ስሙም የፔፕሲ ነው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ስገዛ ብሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ እጅ ጎረቤቴ ቤት ይገባል። ሌላው እጅ ዶላር ሆኖ ይሄዳል።

ስለዚህ «ሁሉንም ባንድ ቀን እንተው» የሚሉትን ወጣቶች እኔም አልደግፍም። የምተወውን በተራ አድርጌዋለሁ። አልቆለት ታሽጎ በጅቡቲ የሚመጣውን ቀድሜ ተውኩ። ለሱ እዚህ ላቡን ያፈሰሰ የለም፤ ሻጩም ቢሆን ሌላ ዕቃ ይሸጣል። እዚህ የሚሞላውን ግን የመጨረሻው ተራ ላይ አስቀመጥኩት። እሱንም የቀነስኩት ቤቴ ውስጥ ብቻ ነው። ሰርግ ቤት ሚሪንዳ ቢቀርብልኝ ተቀብዬ እጠጣለሁ። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ። ደጋሹን አሳፍሬ የማገኘው ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ረስተዋል። «ሠራተኛ» ሲሉ የፋብሪካ ቱታ የለበሰውን ብቻ ነው የቆጠሩት። ሰኞ ገበያ ላይ ብቅል ዘርግታ የምትሸጠዋ ሴት ሠራተኛ ናት። ማር በቅል ይዞ ከገጠር የሚመጣው አባወራ ሠራተኛ ነው። ከደላንታ የሚመጣውን ገብስ ቆልታ ፈጭታ በሶ የምታዘጋጀውም እንዲሁ። እኔ ለለስላሳ የማወጣውን ብር ለእነሱ ሳወጣ ብሩ ከወሎ አይወጣም። አንዱን ሠራተኛ ጎድተሽ ሌላውን ጠቀምሽ ሊሉኝ ይችላሉ። ሒሳቡ ቀላል እንዳልሆነ አምናለሁ። ለዚህ ነው ቀስ ብዬ የምሄደው።

ስለ ቻይናው ነጥብ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም እስማማለሁ። ከደሴ ተነስተን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ምን እናያለን? ኢንዱስትሪ ፓርኩን የገነባው የቻይና ተቋራጭ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደውን የባቡር ሐዲድ የዘረጋው ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ኩባንያ ነው። ቢራ ፋብሪካው የፈረንሳዩ የካስቴል ቡድን ነው። ብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ያለው ቴክኖ ስልክ ትራንሽን የሚባለው የቻይና ኩባንያ ሥራ ነው፤ እዚሁ አገራችንም ይገጣጠማል። የአሜሪካን ትቶ ሁሉንም ከቻይና መግዛት ቁልፉን ካንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። እኛም ቤት ይህ ስሕተት ተሠርቷል። ባለቤቴ የአሜሪካ ምላጭ ትቶ የቻይና ምላጭ ገዛ፤ ቤታችን ምንም አላተረፈም። ግን ቱርኩም ፈረንሳዩም ቻይናውም ባለበት ከተማ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይኖራል። ለአንድ ገበያ ብቻ ሲሰፋ የነበረው ልብስ ምን እንደሆነ ግን አይተነዋል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፤ ወደ ኮምፒውተሩና ወደ ስልኩ። ጸሐፊው እዚህ ላይ በጣም እርግጠኛ ናቸው። «ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ፣ የምትጽፉበት ፊደል ሳይቀር በአሜሪካ እጅ ያልፋል» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከሱቁ ይልቅ የሚቀለው እዚህ ነው እላለሁ።

ከገንዘቡ እንጀምር። እኔ ቤት ፎቶ ኮፒ ያስነሳ ሰው በቴሌብር ይከፍላል፤ ወይም በባንክ ያስተላልፋል። ቪዛ ካርድ አውጥቶ ልክፈል ያለኝ ደንበኛ እስከዛሬ አላየሁም። ቴሌብርን ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ጀመረው፤ ሥርዓቱን የሠራው የቻይናው ሁዋዌ ነው። አውሮፓውያን ከአሜሪካኖቹ የክፍያ ካርዶች፣ ከቪዛና ከማስተርካርድ፣ እንዴት እንውጣ ብለው ይጨነቃሉ። እኛ በየቀኑ ወጪያችን ድሮም አልገባንበትም። ይህ እንግዲህ ሀብታሞቹ ያላገኙት፣ እኛ ያገኘነው ነገር ነው።

ቀጥሎ የጽሕፈት ሥራው። ደሴ ውስጥ ሲቪና ማመልከቻ የሚተይብ ቤት ሁሉ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ይጠቀማል ብል አላጋንንም። አብዛኛው ክራክ የተደረገ ነው፤ ማለትም የተሰረቀ። እኔም ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። ከክራኩ ጋር ቫይረስ ይመጣል። የደንበኛ ፍላሽ ይበላሻል፤ ፋይል ይጠፋል፤ ባለሙያ ተጠርቶ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። አንድ ቀን የተመራቂ ተማሪ ጽሑፍ ከነፍላሹ ጠፋብኝና ልጅቷ ፊቴ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ሊብሬኦፊስ የሚባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም ጫንኩ። ባለቤቱ መቀመጫውን በርሊን ያደረገ ተቋም ነው። በነጻ ይወርዳል፣ ክራክ አይፈልግም፣ የኦፊስን ፋይል ይከፍታል፣ አማርኛም በደንብ ይጽፋል። ሰንጠረዥ የበዛበት ፋይል አንዳንዴ ይዛነፍበታል፤ እሱን በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። ፓወር ግዕዝ በተባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ሲመጣ ደግሞ ያስቸግራል። ይህንንም ሳልነግራችሁ አላልፍም።

የዴንማርክ የዲጂታል ጉዳዮች ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2025 ማይክሮሶፍት ኦፊስን ትቼ ወደ ሊብሬኦፊስ እገባለሁ ብሎ አስታወቀ። ሽሌስቪግ ሆልስታይን የምትባለው የጀርመን ግዛትም መሥሪያ ቤቶቿን ወደዚያው እያዞረች ነው። እነሱ ለዚያ ብለው ስብሰባ ተቀመጡ፣ በጀት ያዙ። እኔ ፒያሳ ቁጭ ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። «የሀብታም ቅንጦት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ እንዴት ይሠራል? ነጻ ፕሮግራም ከማንም በላይ የሚጠቅመው ገንዘብ የሌለውን ነው።

ስለ ፊደሉ ያሉትም ግማሽ እውነት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድን የሚያስተዳድረው ድርጅት መቀመጫው ካሊፎርኒያ ነው። ከዚያ በፊት ግን እንዴት እንደነበር ጽሕፈት ቤት የሠራ ያስታውሳል። አንዱ ቤት የተጻፈ አማርኛ ሌላው ቤት ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ዩኒኮድ ሁሉም የተስማማበት ቁጥር ነው። «ሀ» የተሰጣትን ቁጥር ማንም ነገ ተነስቶ ሊነጥቃት አይችልም። ሊኑክስ የሚባለው፣ በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተር የሚያስነሳው ነጻ ፕሮግራምም እንደዚያው ነው። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ዛሬ ብዙ አሜሪካውያን ይሠሩበታል። እኔ ግን አልሸሸውም። አንዴ በነጻ ፈቃድ የተሰጠ ነገር ተመልሶ አይወሰድም። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው? የሠሪው ፓስፖርት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለካርታም ሌላ በር አለ። ኦፕን ስትሪት ማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረ፣ ማንም ሰው የሚሞላው ካርታ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለው የኢስቶኒያ መተግበሪያ በሱ ላይ ይሠራል፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ ባይኖርም መንገድ ያሳያል። እዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ ያየ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል። የሰፈሬን መንገዶች፣ መስጊዱን፣ ወፍጮ ቤቱን ራሴ አስገብቻለሁ። ለኢሜይል የስዊዘርላንዱ ፕሮቶን አለ፤ በነጻ ይከፈታል። መልእክት ለመላላክ ከተማው ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው፤ መቀመጫው ዱባይ ነው። ቴሌግራም ግን የአሜሪካ ስላልሆነ ብቻ አስተማማኝ እንዳይመስላችሁ። ሚስጥራዊ ውይይት የሚለውን ካልመረጣችሁ መልእክታችሁ ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተቆለፈ አይደለም።

ፌስቡክን የተውኩት በሌላ ምክንያት ነው። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በመስከረም 2014 ማብቂያ ስማቸውና አድራሻቸው ፌስቡክ ላይ ከጥላቻ ቃል ጋር ተለጠፈ። ልጃቸው እንደሚለው ልጥፎቹ እንዲነሱ ቢጠይቅም በጊዜ አልተነሱም። አባቱ በጥይት ተገደሉ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። በየትኛውም ወገን ላይ ይጻፍ፣ የሰው ቤት ሲጠቆም ዝም ብሎ ገንዘብ በሚሰበስብ ገጽ ላይ ጊዜዬን ማጥፋት አልፈለግኩም። እነዚህ ኩባንያዎች የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፤ የሚሸጡትም የኛን ዓይን ነው። ዓይንን ማንሳት ብር አያስወጣም።

ያልቻልኩትንም ልናገር። ስልኬ አንድሮይድ ነው፤ ጎግል አለበት። ኤፍ ድሮይድ ከሚባለው ነጻ የመተግበሪያ ማከማቻ አንዳንድ ነገር እጭናለሁ እንጂ ጎግልን ሙሉ በሙሉ አላወጣሁትም። ዩቲዩብም አለ፤ አባቴ መንዙማ የሚሰማው እዚያ ነው። ዋትስአፕም አለ። እህቴ ከጅዳ የምትደውለው በሱ ነው፤ አሠሪዎቿ የሚያውቁትም እሱን ነው። እናቴ የልጇን ፊት የምታይበትን መስኮት «የአሜሪካ ነው» ብዬ አልዘጋም። ጸሐፊው ይህን ቢያዩ «ይኸው፣ አልቻልሽም» ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ከአሥሩ ስድስቱን ከቻልኩ ስድስቱን ችያለሁ እላለሁ። ጾም ያልቻለ ሕመምተኛ ሶላት አይተውም።

ቦይኮት ለውጥ አምጥቶ አያውቅም ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። ቃሉ ራሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 የአየርላንድ ገበሬዎች አንሠራልህም፣ አንሸጥልህም ካሉት ቦይኮት ከተባለ የመሬት ባለቤት ወኪል ስም ነው። አሜሪካውያን ራሳቸው ከእንግሊዝ ጋር ሲጣሉ ሻይህን አንቀበልም ብለዋል። ሞንትጎመሪ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ ጥቁሮች የአውቶቡሱ መድልዎ እስኪቀር ድረስ 381 ቀን አውቶቡስ አልተሳፈሩም። ድሆች ነበሩ።

የኛው የቡና ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠየቀች። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም በኢትዮጵያ መንገድ አልተስማማም። ኦክስፋም የሚባለው የዕርዳታ ድርጅት ዘመቻ ከፈተ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቡና ጠጪዎች ለኩባንያው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራረመ። ያ ዘመቻ «አትግዙ» የሚል አልነበረም፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። ግን ገዢ አፉን ሲከፍት ሻጭ እንደሚሰማ ያሳያል። አፋቸውን ከከፈቱት መካከል ደግሞ አሜሪካውያንም ነበሩ።

ይህ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ከባዱ ነጥብ ይወስደኛል። «በ77 ረሃብ ማን አበላችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ወሎዬን የት እንደሚነካው ጸሐፊው ያውቃሉ።

እናቴ በ1977 ባቲ መጠለያ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን እዚያ ቀብራለች። የተረፈችው በዕርዳታ እህል ነው። የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የሶቭየት አውሮፕላኖች እህል ሲያመላልሱ ነበር፤ አሜሪካ የሰጠችው ስንዴም ብዙ ነው። ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። እናቴ ማንበብ አትችልም። ጆንያው ላይ ግን እጅ ለእጅ ሲጨባበጥ የሚያሳይ ሥዕል እንደነበረ ታስታውሳለች። ጽሑፉ ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ ነው ይል ነበር። እኔ ያንን ቃል እንደተጻፈ ነው የማነበው። ከሕዝብ የተሰጠ። ለሱ ያለብኝ ምስጋና ለገበሬውና ግብር ለከፈለው ሰው ነው። የጥርስ ሳሙና ፋብሪካ ወይም የስልክ ኩባንያ ያንን ብድር ከኔ ሊሰበስብ ምን አገባው? በውለታ ስም ደንበኛ አድርጎ መያዝ እኔ የማውቀው የወሎ ምስጋና አይደለም። እኛ ዘንድ ያበላን ሰው ይመረቃል፣ ሲቸገር ይደረስለታል። ከሱቁ ካልገዛህ ከዳኸኝ አይልም።

ደግሞ ያ ሥዕል የነበረው የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ራሱ ዛሬ የለም። በ2017 ዋሽንግተን ዘጋችው። ስንዴውን የዘራው ገበሬም፣ እዚህ የሚጠብቀው ተረጂም አልተጠየቁም። እናቴ ወሬውን ስትሰማ ለራሷ አላዘነችም። «እነዚያ የሚሰጡት ሰዎችስ ምን ይሰማቸው ይሆን?» አለች።

ማታ ማታ ቡና ስታፈላ ዱዓ ታደርጋለች። አቦሉ ለቤቱ ነው፣ ቶናው ለጎረቤት። በረካው ላይ ስትደርስ «ያኔ ያበሉንን አላህ ባሉበት ሰላም ያድርግልን» ትላለች። ሁላችንም አሚን እንላለን። ልጆቹ ብርዛቸውን ይጨርሳሉ። ከዚያ ስልኩ ይመጣና ጅዳ ይደወላል።